«ፕሮ» የሚለው ስምና የደመወዝተኛው ኪስ

ዛሬ የምናገረው ስለ እጅ ስልክ ግዢ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ «ስልክ መግዛት ደግሞ ምን ንግግር ያሻዋል? ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ የሌለው ይተዋል» የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው፥ በመሥሪያ ቤት ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የዛሬው የእጅ ስልክ እንደ ዋዛ የሚታይ ዕቃ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብርን አገልግሎት ከጀመረበት ከግንቦት ወር 2013 ዓ. ም. ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኖአል። የስብሰባ ጥሪ የሚመጣው፥ የመምሪያው ደብዳቤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚላከው፥ የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን የሚያስተላልፈው በእርሱ ነው። ዋጋውም መካከለኛ ከሚባሉት ወገን እንኳ ቢሆን ለብዙው ሠራተኛ ከአንድ ወር ደመወዝ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲገዛ የሚሳሳት ሰው፥ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት ኑሮ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ወደ መርካቶ ወይም ወደ መገናኛ ሄዳችሁ ከስልክ መደብር ስትገቡ ሻጩ ሁለት ካርቶን በባንኮኒው ላይ ያስቀምጥላችኋል። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው በአንደኛው ካርቶን ላይ «ፕሮ» የምትል አጭር ቃል መጨመሯ ነው። ይህችም ቃል ዋጋውን ከፍ ታደርገዋለች። ሻጩም ሐተታ አያበዛም፤ «ይኸኛው እኮ ፕሮ ነው» ይላል፤ በዚህም ነገሩ ሁሉ የተገለጠ ይመስለዋል። ገዢው ደግሞ «ፕሮ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቁ እንደ አለማወቅ እንዳይቆጠርበት እያፈረ ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። እኔም ዛሬ ልመልስ የምሞክረው ይህንኑ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ ነው።

«ፕሮ» የሚለው ቃል «ፕሮፌሽናል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም ባለሙያ ማለት ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 እ. ኤ. አ. ማክቡክ ፕሮ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ፥ ኋላም በ2019 እ. ኤ. አ. አይፎን 11 ፕሮ የተባለውን ስልክ ለገበያ ሲያቀርብ ቃሉን በዕቃዎቹ ስም ላይ አስቀመጠው። ዛሬ ግን ማንኛውም ፋብሪካ እንደ ፈቀደ በስልኩ ስም ላይ ይቀጥለዋል። የነጋዴ ሚዛን በሕግ እንደሚመረመረው ሁሉ፥ «ይህ ስልክ ፕሮ ለመባል ይበቃል፤ ያ አይበቃም» ብሎ መርምሮ የሚያጸድቅ ዳኛ የለም። ስለዚህ ቃሉ የሚነግረን ይህ ስልክ ከወንድሙ በአንዳንድ ነገር የሚበልጥ መሆኑን ብቻ ነው። በምን እንደሚበልጥና ያም ብልጫ እኛን የሚጠቅመን መሆን አለመሆኑን ቃሉ አይናገርም። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደ ተባለው፥ ስም የዘመድን ክብር ያወራል እንጂ የራስን ጉልበት አያስመሰክርም።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። ሻኦሚ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2024 እ. ኤ. አ. መጀመሪያ ሬድሚ ኖት 13 እና ሬድሚ ኖት 13 ፕሮ የተባሉትን ስልኮች ለዓለም ገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አዳዲስ ስልኮች ወጥተዋል፤ ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ የመደበኛውንና የፕሮውን ልዩነት አጥርተው ስለሚያሳዩ ለትምህርት ይመቻሉ። የማወዳድረውም ባለ 4ጂ የሆኑትን ሁለቱን ነው። ይህንን ለይቼ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፤ በዚያው በሬድሚ ኖት 13 ስም ባለ 5ጂ መደበኛ፥ ባለ 5ጂ ፕሮ፥ ደግሞም ፕሮ ፕላስ የተባሉ ሌሎች ስልኮች አሉ፤ የእያንዳንዳቸውም የውስጥ ዕቃ የተለያየ ነው። እንግዲያውስ «ሬድሚ ኖት 13 ፕሮ ነው» የተባለ ገዢ የትኛው ፕሮ እንደሆነ ገና አላወቀም ማለት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የ5ጂን አገልግሎት በአዲስ አበባ በሙከራ የጀመረው በግንቦት ወር 2014 ዓ. ም. ነው፤ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ በማይደርስበት ስፍራ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ባለ 5ጂ ስልክ ቢይዝም የሚገለገለው ያው በ4ጂ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ ስልኮች የሚተካከሉበትን እንመልከት። የሁለቱም ስክሪን 6.67 ኢንች ሲሆን አሞሌድ ከሚባለው ዓይነት የተሠራ ነው፤ በሴኮንድም እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል። የሁለቱም ባትሪ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። የራስን ፊት የሚያነሣው የፊት ካሜራ በሁለቱም 16 ሜጋፒክስል፥ ሰፊ ቦታ የሚያነሣውም የጀርባ ካሜራ በሁለቱም 8 ሜጋፒክስል ነው። ሁለቱም ከፋብሪካ የወጡት አንድሮይድ 13 በተባለው ሥርዓት ነው። አቧራንና የውሃ ፍንጣቂን የሚቋቋሙበትም ደረጃ አንድ ሲሆን፥ አይፒ 54 ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስልክ መደወል፥ ደብዳቤ ማንበብ፥ በቴሌግራም መልእክት መላላክ፥ በቴሌብር መክፈል፥ ዜና መስማት፤ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚፈጸመው በእነዚህ በሚተካከሉት ዕቃዎች ነው። የብዙው ሠራተኛ ቀንም የሚያልፈው በእነዚህ ሥራዎች ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈላችን አስቀድሞ፥ አብዛኛውን የቀን ሥራችንን መደበኛው ስልክ ሳይጎድልበት እንደሚፈጽምልን ማወቅ ይገባናል።

አሁን ወደሚለያዩበት እንለፍ። ዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ልዩነት ፕሮሰሰር የተባለው፥ የስልኩ አንጎል ነው። በመደበኛው ውስጥ ያለው ስናፕድራጎን 685፥ በፕሮው ውስጥ ያለው ደግሞ ሄሊዮ ጂ99 አልትራ ይባላል። እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት ቁጥር አለ። የመደበኛው ፕሮሰሰር ፍጥነት እስከ 2.8 ጊጋኸርዝ፥ የፕሮው ግን እስከ 2.2 ጊጋኸርዝ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው መደበኛው ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የፕሮው ዋነኛ ክፍሎች በአዲስ አሠራር የተሠሩ ስለ ሆኑ በአንድ ምት የሚፈጽሙት ሥራ ይበዛል። ነገሩን በሁለት ጸሐፊዎች መስላችሁ ተመልከቱት፤ አንደኛው እጁን ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅሳል፤ ሁለተኛው ረጋ ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን በአንድ እንቅስቃሴ ሙሉ ቃል ይጨርሳል። ማታ ብዙ ገጽ የሚያስረክበው ሁለተኛው ነው። ይህ ብልጫ ጎልቶ የሚታወቀው ከባድ ጨዋታ ለሚጫወትና ቪዲዮ ቆርጦ ለሚያቀናብር ሰው ነው። ደብዳቤ ለሚያነብና መልእክት ለሚልክ ሰው ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ዋናው የጀርባ ካሜራ ነው። የመደበኛው 108 ሜጋፒክስል፥ የፕሮው 200 ሜጋፒክስል ነው። ሻጭም በብዙ የሚመካበት ይህ ቁጥር ነው፤ «እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም» ይላል። ሜጋፒክስል ማለት አንድ ሚሊዮን የብርሃን ነጥብ ማለት ነው። ታዲያ እኒህ ስልኮች በተለመደው አሠራራቸው ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነጥቦቹን ሁሉ ለየብቻ አይጽፉም፤ ብርሃን በተሻለ ሁኔታ ለመሰብሰብ ሲሉ ጎረቤት ነጥቦችን አንድ ላይ ይደምራሉ። መደበኛው 9 ነጥቦችን እንደ አንድ ቈጥሮ 12 ሜጋፒክስል ምስል ያወጣል፤ ፕሮው 16 ነጥቦችን እንደ አንድ ቈጥሮ 12.5 ሜጋፒክስል ምስል ያወጣል። 108 እና 200 ተብሎ የተጀመረው ክርክር፥ ሰው ሆን ብሎ ሙሉውን ቁጥር ካላዘዘ በቀር፥ በ12 እና በ12.5 ያልቃል ማለት ነው።

የፕሮው ካሜራ እውነተኛ ብልጫ በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በሌላ ነገር ላይ ነው። ይኸውም የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም፥ ሌንሱን በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ምስሉን የሚያረጋጋ መሣሪያ በውስጡ መኖሩ ነው። መደበኛው ይህ የለውም። ቀን በፀሐይ ብርሃን ለሚያነሣ ሰው ይህ እምብዛም አይታወቅም። ነገር ግን ብርሃን ባነሰበት፥ በምሽት ሠርግ ወይም መብራት በደከመበት መዝገብ ቤት ውስጥ፥ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ምስሉ ይደበዝዛል። የማረጋጊያው ጥቅም የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ባትሪውን የሚሞላው ኃይል ነው። መደበኛው እስከ 33 ዋት፥ ፕሮው እስከ 67 ዋት ይቀበላል። ኃይሉ እጥፍ ቢሆንም ጊዜው በትክክል በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ ኃይልን መጥኖ ነው የሚቀበለው። ሆኖም ፕሮው ፈጥኖ እንደሚሞላ አያጠራጥርም። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፥ መብራት በመጣችበት አጭር ሰዓት ውስጥ ስልኩን ሞልቶ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ለስልኩ በተሠራው ቻርጀርና ገመድ ሲሞላ ብቻ ነው። ከመንገድ ዳር በተገዛ ተራ ቻርጀር የሚሞላ ሰው የ67 ዋቱን ዋጋ ከፍሎ ጥቅሙን ግን ትቶታል። ማታ ሰክቶት ተኝቶ ጠዋት የሚነቅለው ሰውም እንዲሁ ነው፤ እርሱ ተኝቶ ሳለ ስልኩ በአንድ ሰዓት ቢሞላ ወይም በሁለት ሰዓት ቢሞላ ምን ይጎዳዋል?

ከሦስቱ ልዩነቶች ሌላ፥ ፕሮ ከሚለው ቃል ጋር ግንኙነት የሌለው፥ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የማከማቻው ስፋት ነው። መደበኛው ሬድሚ ኖት 13 በ128 ጊጋባይትም በ256 ጊጋባይትም ተሠርቶአል። በቴሌግራም የሚመጣው ደብዳቤ፥ የስብሰባው ቪዲዮ፥ የልጆች ፎቶግራፍ እየተጠራቀመ ማከማቻውን ይሞላዋል። ማከማቻው ጢም ያለበት ስልክ፥ ፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፥ ይንቀራፈፋል፤ አዲስ ፎቶግራፍም አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ተቀራራቢ ዋጋ ካላቸው ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ፥ ሰፊ ማከማቻ ያለው መደበኛ ስልክ ጠባብ ማከማቻ ካለው ፕሮ ይልቅ ለቢሮ ሠራተኛ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ደግሞም የፕሮነት ማዕረግ ዕድሜው አጭር መሆኑን አስቡ። ያው ኩባንያ በ2025 እ. ኤ. አ. መጀመሪያ ለዓለም ገበያ ያቀረበው ባለ 4ጂ መደበኛው ሬድሚ ኖት 14 ይዞት የመጣው ፕሮሰሰር ሄሊዮ ጂ99 አልትራ ነው። ያ በ2024 እ. ኤ. አ. ፕሮ ያሰኘው አንጎል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የባለ ማዕረጉ ዕቃ ለተራው ተሰጠ ማለት ነው። ማዕረጉን ብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው በዓመቱ ማዕረጉ ከእጁ ይወጣል፤ ሥራውን ብሎ የገዛ ሰው ግን ሥራው እስካለ ድረስ ስልኩ አያረጅበትም።

በዚህ ንግግር ፕሮው አይጠቅምም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ለማን እንደሚጠቅም ለይተን እንወቅ ማለቴ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ሰዎችን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። አንደኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ስልኩን የሚፈልገው ለጥሪ፥ ለመልእክትና ለክፍያ ነው፤ አልፎ አልፎም ደብዳቤ በመስኮት አጠገብ ፎቶግራፍ ያነሣል። ለእርሱ ማከማቻው የሰፋ መደበኛ ስልክ ይበቃዋል። ሁለተኛው የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከምድር በታች ያለ መሠረት፥ ጨለማ ውስጥ ያለ የውሃ መሥመር አንሥቶ ከሪፖርቱ ጋር ማያያዝ አለበት፤ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ለሪፖርቱ ማስረጃ አይሆንለትም። ለእርሱ የካሜራው ማረጋጊያ የሥራ መሣሪያ ነው። ሦስተኛዋ ከቢሮ ሰዓት በኋላ በቴሌግራም የአገር ልብስ የምትሸጥ እመቤት ናት፤ የጥበቡን ቀለም በምሽት መብራት አንሥታ፥ ቪዲዮም አቀናብራ ለደንበኞቿ ታሳያለች። ሱቋ ስልኳ ነው። ለእርስዋ ፕሮው ወጪ ሳይሆን መነገጃ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ፕሮውን ቢገዙ አስተዋዮች ናቸው፤ መጀመሪያው መደበኛውን ቢገዛ እርሱም እንደ እነርሱ አስተዋይ ነው።

ለራሳችሁ ለመፍረድ የምትችሉበት ቀላል የሒሳብ ዘዴ አለ። የሁለቱን ስልኮች የዋጋ ልዩነት ስልኩን ልትይዙበት ላሰባችሁት ወራት አካፍሉት። ለምሳሌ ያህል ልዩነቱ 9,000 ብር ነው፥ ስልኩንም ለ36 ወር ትይዙታላችሁ እንበል። 9,000 ለ36 ሲካፈል በወር 250 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ፤ «ስለ ምሽት ፎቶግራፉና ስለ ፈጣን አሞላሉ በየወሩ ከደመወዜ 250 ብር ቆርጬ ክፈል ብባል በደስታ እከፍላለሁን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ሳታመነቱ ፕሮውን ግዙ። «በየወሩ እንኳ አልከፍልም» ከሆነ ግን፥ ያን ገንዘብ በአንድ ቀን አጠቃልሎ መክፈል ከየት የመጣ ልግስና ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፥ ብዙውን ጊዜ ፕሮውን የሚያስገዛን ካሜራው አይደለም፤ የሰው ዓይን ነው። በስብሰባ ላይ ስልኮች በጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ሰው የባልንጀራውን በጎን ይመለከታል። የበታቹ ፕሮ ይዞ አለቃው መደበኛ ቢይዝ አለቃው የተዋረደ ይመስለዋል። የዕቁብ ዕጣ የደረሰውም ሰው በዚያች ቀን ገንዘቡ ሁሉ የስልክ ገንዘብ ሆኖ ይታየዋል፤ ዕጣው የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ክፍያ ታስቦ የተጀመረ መሆኑ ይረሳል። ከዚህም አልፎ ልዩነቱን ለመሙላት ከባልደረባው የሚበደር አለ፤ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህንን የመሰለውን ነው። የደመወዝተኛ ክብሩ ወር እስከ ወር ሳይበደር መድረሱና ቤተሰቡን ሳያጎድል ማስተዳደሩ ነው። በኪሱ ያለውን ስልክ ስም ቤተሰቡ አይመገበውም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቤት ሳትወጡ ስልኩን የምትፈልጉበትን ሥራ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከመደብሩ ስትደርሱ የስልኩን ሙሉ ስም፥ ባለ 4ጂ ወይም ባለ 5ጂ መሆኑን፥ የማከማቻውንም መጠን በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ስልኩን አስከፍታችሁ በራሱ መግለጫ ገጽ ላይ አረጋግጡ። *#06# ስትጽፉ የሚወጣው መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ተመልከቱ። ወደ መደብሩ ጨለማ ማዕዘን ሄዳችሁ በሁለቱም ስልኮች አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አስተያዩ፤ ዓይናችሁ ልዩነቱን ካላየ ኪሳችሁ ሊከፍልበት አይገባም። ቻርጀሩ በካርቶኑ ውስጥ መኖሩንና የስንት ዋት እንደሆነ አንብቡ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትቀበሉ ከመደብሩ አትውጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና በአንድ ቀን ማየትና በሌላ ቀን መግዛት አይከፋም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። መደበኛና ፕሮ የሚባሉት ስሞች የስልክ መለያዎች እንጂ የሰው ደረጃዎች አይደሉም። ፕሮ ማለት ባለሙያ ከሆነ፥ ባለሙያው መሆን የሚገባው ገዢው ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፥ ገንዘቡን የሚቆጥር፥ የሚከፍልበትንም ለይቶ የሚከፍል። እንዲህ ያለው ሰው ከሁለቱ ካርቶኖች የትኛውን ይዞ ቢወጣ አይጸጸትም።